ጥገናና ድሪቶ፤ በእንጦጦ ግርጌ ስለሚታደሰው አሮጌ የቤት ዕቃ የቀረበ ትችት

አማርኛ ለተሰበረና ለተቀደደ ነገር ሁለት የተለያዩ ግሦች አሉት። አንደኛው ጠገነ ነው፤ ሁለተኛው ደረተ ነው። ወጌሻ የተሰበረውን ክንድ ይጠግናል፤ ገበሬ የተሰነጠቀውን ሞፈሩን፣ ባለቤት የዘመመውን ቤቱን ይጠግናል። በዚህ ግሥ ውስጥ ዕውቀትና ርኅራኄ አብረው ይሰማሉ፤ የተጠገነው ነገር ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ ይመለሳልና። ደረተ ግን የሚነገረው ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየተደራረበ ለተሰፋ ልብስ ነው። ከርሱ የወጣው ድሪቶ የሚለው ስም የድኽነት ስም ብቻ አይደለም፤ የመናቅም ስም ነው። እንግዲህ በአዲስ አበባ አሮጌውን ወንበር በሌላ አሮጌ ወንበር እግር የሚያቆመው፣ የተሰበረውን አልጋ ከፈረሰ ቤት በወጣ እንጨት የሚያድሰው ሰው ሥራ ከነዚህ ከሁለቱ ግሦች በየትኛው ይጠራ? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ይህ ሥራ በቤተ መዘክር ስፍራ ማጣቱና በጥናት መጻሕፍት ሳይመዘገብ መቅረቱ ከዚሁ ከስያሜው የሚነሣ ስለ ሆነ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ለዚህ ምርመራ እንጦጦ ተስማሚ ስፍራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሆኖም በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ከተራራው በታች ተቈርቍራ ነበርና የእንጦጦ ዋና ከተማነት ወደ ማለቂያው ደርሶ ነበር። ከፍታው ብርዳም፣ መውጫው አቀበት፣ ማገዶውም እየራቀ የሚሄድ ስለ ነበረ ቤተ መንግሥቱ ከነሠራዊቱ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወረደ። ይህ በሸዋ ነገሥታት ዘንድ አዲስ ነገር አልነበረም። ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዛወር ሰፈር የቤት ዕቃው በበቅሎና በሰው ትከሻ የሚጓዝ፣ ሲሰበርም በደረሰበት የሚጠገን ሊሆን ይገባዋል። የአገሩ የቤት ዕቃ ጥቂትና ቀላል መሆኑን ያዩ የውጭ አገር መንገደኞች ይህን የድኽነት ማስረጃ አድርገው ጽፈውታል፤ የመንገድ ጥበብ መሆኑን ግን ከነርሱ ያስተዋለው ጥቂቱ ነው።

ከተራራው ግርጌ፣ ዛሬ ጕለሌ ክፍለ ከተማ በሚባለው ውስጥ፣ ቀጨኔ የሚባለው ሠፈር አለ። ሸክላ ሠሪዎቹ፣ ሸማኔዎቹና ብረት ቀጥቃጮቹ ለከተማይቱ መቋቋም ብዙ የሠሩ ሲሆኑ በከተማይቱ አፍ ግን ጠይብና ቡዳ እየተባሉ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ የነበረውን ንቀት ለማጥፋት ባይበቃም፣ ንቀቱ የመንግሥትን ዐዋጅ እስኪጠይቅ ድረስ የበረታ እንደ ነበረ ያስረዳል። እንግዲህ ዕቃውን የሠራው እጅ የተናቀ ከሆነ፣ የሌላውን ሰው ዕቃ አንሥቶ የሚያድሰው እጅ ንቀቱ እጥፍ ይሆንበታል ማለት ነው። ጠራቢ ቢያንስ ከደን የመጣ ንጹሕ ግንድ ይዞ ይጀምራል፤ ጠጋኙ የሚጀምረው ሌላው ከጣለው ነው።

እዚህ ላይ ስለ እንጨቱ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ዛሬ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ወደ አገሩ የገባው በ1880ዎቹ ዓመታት ነው። ፈጥኖ የሚያድግ ስለ ሆነ አዲስ አበባን ማገዶ ፍለጋ ከመዛወር አዳናት፤ ለአጣናና ለማገርም ማን ይመስለዋል። ለቤት ዕቃ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ግን ለመሮ የሚገዙና ቅርጻቸውን የሚጠብቁ ናቸው፤ ሆኖም ደናቸው ተመናምኗል፤ መቍረጣቸውም በሕግ የተገደበ ሆኗል። ስለዚህ በመዲናይቱ ለሚኖር አናጢ በደንብ የደረቀ የዋንዛ ሳንቃ በቅርብ የሚገኘው በቆመ ዛፍ ላይ ሳይሆን በተጣለ ቁምሳጥን፣ እግሩ በተሰበረ ጠረጴዛ፣ መስታወቱ በረገፈ ብፌ ውስጥ ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት በቤት ውስጥ የኖረ እንጨት የሚጣመመውን ያህል ተጣሟል፤ ከእንግዲህ አያታልልም። አሮጌ ዕቃ የሚፈታው ሰው እንግዲህ ቆሻሻ አይለቅምም፤ ከተማይቱ የቀራትን ደን ይቈርጣል እንጂ።

ከዕቃዎቹ መካከል ጥገና ምን እንደ ሆነ አብልጦ የሚያስረዳው የጠፍር አልጋ ነው። አራት እግሮችና አራት አግዳሚዎች አሉት፤ የአግዳሚዎቹ ጫፍ በእግሮቹ ላይ በመሮ በተፈለፈለው ጉድጓድ ይገባል። ከዚህ በኋላ እርጥብ የበሬ ቆዳ በረጅሙ ተተልትሎ በአግዳሚዎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ ይጠላለፋል። ቆዳ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ጠፍሩ እንደ ከበሮ ፊት ይወጠራል፤ ሲወጠርም አግዳሚዎቹን ወደ እግሮቹ ጐትቶ መላውን አልጋ ያለ ምስማር ያጠብቀዋል። እንግዲህ ጠፍሩ መኝታ ብቻ አይደለም፤ የአልጋው ማሠሪያም ነው። በዘመን ብዛት ሲረግብ አልጋው ይናጋል፤ በዚያን ጊዜ አሮጌው ጠፍር ተፈትቶ አልጋው እንደገና ይጠፈራል። ጠፈረ የሚለው ግሥ ለመጀመሪያውም ለአሥረኛውም ጊዜ አንድ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ቋንቋው በመሥራትና በማደስ መካከል እዚህ ላይ ልዩነት አላደረገም።

በቅርብ ዘመን የበሬ ቆዳ ለፋብሪካ ስለሚሄድና ዋጋውም ስለ ከበደ በብዙ ስፍራ በጠፍሩ ፈንታ የናይሎን ገመድ ወይም ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተተለተለ ማሰሪያ ገብቷል። ላዩን ሲታይ ለውጡ ቀላል ነው፤ አንዱ ትልታይ በሌላ ትልታይ ተተካ። ነገር ግን ላስቲክ ይለጠጣል እንጂ ደርቆ አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ሰውን ቢሸከምም አልጋውን አያስርም። መጋጠሚያዎቹ ይላወሳሉ። ጠጋኙ ይህን ስለሚያውቅ በየማዕዘኑ ከአሮጌ የብረት አልጋ የተቈረጠ ብረት ይመታል፤ ወይም አግዳሚውን ከእግሩ ጋር በቡሎን ያያይዛል። አንዱ ባዕድ ክፍል ሌላውን ባዕድ ክፍል ጠራ ማለት ነው። ብረቱን ብቻ የተመለከተ ሰው «ድሪቶ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ብረቱ ስለ ምን እንደ ገባ የጠየቀ ግን የቆዳው ኀይል ምን ያህል እንደ ነበረ ከዚያው ከብረቱ ይማራል። ጥገናው ስለ ጠፋው ክፍል የሚሰጠው ምስክርነት ካልተነካው አልጋ ከሚገኘው ይበልጣል፤ ባልተነካው አልጋ ላይ የጠፍሩ ሁለተኛ ሥራ ለዐይን የተሰወረ ነውና።

እግሩ የሌላ አልጋ፣ አግዳሚው የአሮጌ ቤት ማገር፣ ጠፍሩ ላስቲክ የሆነ አልጋ ያው የፊተኛው አልጋ ነውን? የግሪክ ሊቃውንት ስለ ቴሴዎስ መርከብ ይህንኑ ጠይቀው ብዙ ተከራክረዋል። በአማራው ቤት ግን ጥያቄው ብዙ አያከራክርም፤ ባለቤቱ «የአያቴ አልጋ» እያለ ይተኛበታል። የአልጋው ማንነት በእንጨቱ ላይ ሳይሆን በወራሹ ላይ ነው። አልጋ የሚለው ቃል ራሱ ዙፋንንና መንግሥትን መጥቀሱ፣ የዙፋን ተተኪም አልጋ ወራሽ መባሉ ከዚህ አስተሳሰብ የራቀ አይመስልም፤ ሰውም እንጨትም እየተለዋወጠ አልጋው ይቀጥላልና። በነገራችን ላይ ወንበርም ከመንበር ጋር የአንድ ሥር፣ ነበረ የሚለው የግእዝ ግሥ ልጅ ነው። የተናቀው ዕቃ በቃላቱ የተከበረ ነው።

የበርጩማ ነገር ከአልጋው ይለያል። የጅማ በርጩማ የሚባለው ባለ ሦስት እግሩ መቀመጫ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ስለ ሆነ መጋጠሚያ የለውም። መጋጠሚያ የሌለው ዕቃ ሲሰበር የሚፈታ ነገር አይገኝበትም። መቀመጫው ሲሰነጠቅ ጠጋኙ እንደ ወጌሻ ያደርጋል፤ ከግራና ከቀኝ ቀዳዳ አበጅቶ በሽቦ ይሰፋዋል፤ ወይም ቀጭን ላሜራ በዙሪያው ያስረዋል። እግሩ ሲሰበር ግን ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል። ስባሪው ተስተካክሎ ተቈርጦ፣ በመቀመጫው ሆድ ጉድጓድ ተፈልፍሎ፣ ከሌላ ወንበር የመጣ እግር በሙጫና በሽብልቅ ይገባበታል። በዚህ ጊዜ የአንድ ግንድ ዕቃ የተጋጠመ ዕቃ ይሆናል። ጠጋኙ ክፍሉን ብቻ አልተካም፤ ዕቃውን ከአንድ የአሠራር ወገን ወደ ሌላው አሻግሮታል። የአናጢነት ታሪክ በብዙ መቶ ዓመታት የሄደውን መንገድ አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ በአንድ በርጩማ ላይ ይሄደዋል።

እንዲህ ያለው በርጩማ ግን ለሰብሳቢ ሲቀርብ ወደ ጐን ይደረጋል። የሚመረጠው ሙሉው፣ ጢስና እጅ ያለሰለሰው፣ ነገር ግን ያልተሰበረው ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ቢጠየቅ ግን «የመጀመሪያ መልኩን የጠበቀ አይደለም» የሚል መልስ ይገኛል። በዚህ መልስ ውስጥ አንድ ያልተመረመረ እምነት አለ፤ ይኸውም ዕቃ የባህል ምስክር የሚሆነው ከሠሪው እጅ በወጣበት ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ የደረሰበት ሁሉ ጉዳት ነው የሚለው ነው።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ. ም. ተመሥርቶ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው ቤተ መዘክሩ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ በአሳብ የበሰለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዕቃዎቹን በየብሔረሰቡ እየከፈለ በማሳየት ፈንታ በሰው ዕድሜ ተራ አስቀምጧቸዋል፤ ጐብኚው ከልጅነት ተነሥቶ በጕልምስና በኩል ወደ ሞትና ከሞት በኋላ ወዳለው ይደርሳል። ይህ አቀማመጥ ብዙ ቤተ መዘክሮች ያልደፈሩትን ትልቅ አሳብ የያዘ ነው። ትችቱም የሚነሣው ከዚሁ ከትልቅነቱ ነው። የሰው ልጅ ልደት፣ ሥራና ሞት ተሰጥቶት ሳለ ሰውየው የሚቀመጥበት በርጩማ የተሰጠው ልደት ብቻ ነው። የተሰበረበት፣ የተጠገነበት፣ ከባለቤት ወደ ባለቤት የተላለፈበት፣ በመጨረሻም ተፈትቶ ለሌላ ዕቃ አካል የሆነበት ዘመን አይታይም። የዕድሜን ተራ መሠረቱ ያደረገ ቤተ መዘክር ለዕቃውም ዕድሜ ቢሰጠው አሳቡን ወደ ፍጻሜው አደረሰው እንጂ አላፈረሰውም።

ይህ እንዳይቻል የሚያግድ ነገር የለም፤ በጎረቤት የጥናት ዘርፍ ሲደረግ ይታያልና። የብራና መጻሕፍትን የሚመረምር ሊቅ ጽሑፉን ብቻ አያነብም። ብራናው ገና ሲፋቅ የተበሳው ቀዳዳ በጅማት ወይም በክር የተሰፋ መሆኑን፣ የተሰነጠቀው የእንጨት ገበታ በቀዳዳ ተያይዞ የታሰረ መሆኑን፣ ከሌላ አሮጌ መጽሐፍ የተገኘ ቅጠል ለመከደኛ የገባ መሆኑን ይመዘግባል። ያች የባዕድ ቅጠል አንዳንድ ጊዜ ከመጽሐፉ ይልቅ ታስደስተዋለች፤ የጠፋ መጽሐፍ ቅሪት ልትሆን ትችላለችና። እንግዲህ በብራናው ገበታ ላይ የተገኘው ስፌት ዕውቀት ሲባል፣ ያው ስፌት በበርጩማው ላይ ሲገኝ ጉድለት የሚባለው ስለ ምንድር ነው? በእንጨቱ መካከል ልዩነት የለም። ልዩነቱ መጽሐፉን የጠገነው ደብተራ ወይም መነኵሴ፣ በርጩማውን የጠገነው ግን ጠይብ መሆኑ ነው። የ1900ው ዐዋጅ የከለከለው ነገር በሳይንስ ካባ ተሸፍኖ በመዝገብ ቤት ውስጥ የቀጠለ ይመስላል።

በዚህ ጉዳይ የጻፉ የውጭ አገር ሊቃውንት ጥገናን አልናቁም፤ ነገር ግን ሌላ ስሕተት ፈጽመዋል። ክሎድ ሌቪ ስትሮስ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1962 ባሳተሙት «ላ ፓንሴ ሶቫዥ» በተባለው መጽሐፍ ሁለት ዐይነት ሠራተኞችን ለይተዋል። አንደኛው መሐንዲስ ነው፤ አስቀድሞ ያስባል፣ ላሰበው የሚስማማ መሣሪያና ጥሬ ዕቃ ያዘጋጃል። ሁለተኛው ብሪኮለር ያሉት ነው፤ ከቀደሙ ሥራዎች የተረፈውን፣ በእጁ የተገኘውን ይዞ ይሠራል። ሌቪ ስትሮስ ይህን ምሳሌ ያቀረቡት ተረቶች እንዴት እንደሚዋቀሩ ለማስረዳት እንጂ ስለ አናጢነት ለማስተማር አልነበረም። ከርሳቸው በኋላ የመጡት ግን ምሳሌውን እንደ እውነተኛ መግለጫ አድርገው ወስደው በአፍሪካ ከተሞች የሚገኘውን ጠጋኝ ሁሉ ብሪኮለር ብለው ጠሩት። ለነርሱ ይህ ምስጋና ነው። በምስጋናው ውስጥ ግን ሰውየው አስቀድሞ አያስብም፣ ያገኘውን ብቻ ያነሣል የሚል ፍርድ ተሸሽጓል።

ሥራውን የተከታተለ ሰው ይህን ፍርድ ሊቀበል አይችልም። በእንጦጦ ግርጌ ባሉት ሠፈሮች፣ እንደ ሌላው የመዲናይቱ ክፍል ሁሉ፣ ጧት ጧት ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንዱ የቆራሌው ነው፤ ስሙ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ አጥሮ የወጣ ነው ይባላል። ሁለተኛው «ልዋጭ» እያለ የሚጣራው ነው፤ እርሱ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ብርጭቆና ሣህን ይሰጣል። ቆራሌው ከእመቤቲቱ ጋር በደጅ ተከራክሮ የገዛውን የተሰበረ የሽቦ አልጋ፣ የኮመዲኖ መሳቢያ፣ የወንበር ብረት ተሸክሞ ቁልቁል ይወርዳል። መድረሻው ብዙ ጊዜ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ያ ስፍራ በስሙ ራሱ የሚጠይቅ ነው፤ «ምን አለሽ?» ነውና። በዚያም ዕቃው ይፈታል፣ ይለያል፤ ብረቱ ከብረት፣ እንጨቱ ከእንጨት፣ ማጠፊያው ከማጠፊያ ጋር ይሆናል። አናጢው እግር ለጐደለው ወንበር እግር ሲፈልግ ያገኘውን አያነሣም። በገመድ ወይም በስንዝር የለካውን ልክ ይዞ ይመጣል፤ የእንጨቱን ዐይነት ይመረምራል፤ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል፤ ካልተስማማው ትቶት ይሄዳል፤ ሌላ ቀንም ይመለሳል። በእጁ የተገኘ የሚባለው ነገር በእውነቱ የአንድ ትልቅ ከተማ የተደራጀ ጎተራ ነው፤ ጎተራውንም የሚሞላው ከእመቤቲቱ እስከ ቆራሌው፣ ከፈቺው እስከ ሻጩ ድረስ የብዙ ሰው ፍርድ ነው። እንዲህ ያለው ሠራተኛ በሌቪ ስትሮስ ሚዛን ብሪኮለርም መሐንዲስም አይደለም። ሚዛኑ ራሱ ለዚህ ሥራ አልተሠራም።

ታዲያ በምን ሚዛን ይመዘን? ሚዛኑ በሙያው ውስጥ አለ፤ ከውጭ መበደር አያስፈልግም። የመጀመሪያው ሸክም ነው፤ የገባው ክፍል የወጣው ክፍል ይሸከመው የነበረውን ይሸከማልን? በመልክ የሚመሳሰል፣ ነገር ግን ውስጡ በነቀዝ የተበላ እግር ያስገባ ሰው አልጠገነም። ከዚህ የሚረቅ ሌላ መለኪያ አለ፤ የዛሬው ጥገና ለነገው ጠጋኝ በር ይተውለታልን? በሽብልቅ የተያዘ መጋጠሚያ ይፈታል። በብዙ ምስማር የተቸነከረ ግን ሲፈታ እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ምስማር የሚያበዛ ሰው የራሱን ችኰላ በሚቀጥለው ሰው ላይ ዕዳ አድርጎ ይጽፈዋል። አዋቂ አናጢ ምስማር ሲያይ የሚያዝነው ለውበት ብሎ አይደለም።

የሙያውን ነውር መሸፈንም አይገባም። ነጭ እንጨትን በቀለም አጨልሞ ዋንዛ የሚያስመስል፣ የተሰነጠቀውን በሙጫና በመጋዝ ብናኝ ሞልቶ ቫርኒሽ የሚቀባበት፣ ከዚያም «አዲስ ነው» ብሎ የሚሸጥ ብዙ ነው። ገዢው ወንበሩ በስድስት ወር ሲከዳው የሚረግመው ያን አንዱን ሰው ሳይሆን ሙያውን በሙሉ ነው። ድሪቶ የሚለው ቃል በትክክል የሚገባው ለዚህ ነው። ይኸውም ጥገናው ስለ ታየ ሳይሆን ስለ ተሸሸገ፣ በመሸሸጉም ሸክሙን ስላልቻለ ነው።

በዚህ ሚዛን በውጭ አገር የተመሰገኑትን ሥራዎች መመርመር ይጠቅማል። ማርቲኖ ጋምፐር የተባሉት ጣልያናዊ ንድፍ ዐዋቂ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ2007 ለንደን ውስጥ በየመንገዱ የተጣሉና ከወዳጆች ቤት የተገኙ ወንበሮችን ፈትተው እንደገና በማጋጠም በመቶ ቀን መቶ ወንበሮች ሠርተዋል። የፕላስቲኩ መቀመጫ ከእንጨቱ እግር፣ የቢሮው መደገፊያ ከማዕድ ቤቱ በርጩማ ጋር ተዛምዶ ይታያል። ሥራው ብልኀትና ሣቅ የሞላበት ነው፤ አንዳንዶቹም በእውነት ይቀመጡባቸዋል። ሆኖም በቀን አንድ ወንበር የሚል ሕግ ራሱን በራሱ የጣለ ሠራተኛ እግሩ ሲጐድለው ሌላ ቀን ለመመለስ አይችልም። እንግዲህ እውነተኛው ብሪኮለር የሚገኘው በለንደን እንጂ በምናለሽ ተራ አይደለም ቢባል ቀልድ ብቻ አይሆንም።

ከዚህ የሚከብደው የሞዛምቢኩ ነው። በዚያ አገር የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1992 ካበቃ በኋላ የተሸሸገውን መሣሪያ ሰብስቦ በፈንታው ዶማ፣ ብስክሌትና የልብስ ስፌት መኪና የሚሰጥ እንቅስቃሴ በቤተ ክርስቲያን አማካይነት ተቋቋመ። ኬስተር በሚለው ስም የታወቁት ክሪስቶቫው ካንያቫቶ በ2001 ከነዚያ ከተቈራረጡ ጠመንጃዎች ባለ ክንድ ወንበር ሠሩ፤ የብሪታንያ ቤተ መዘክርም በሚቀጥለው ዓመት ገዛው። እዚህ ላይ የገባው ክፍል ከየት እንደ መጣ መታወቁ የሥራው ነፍስ ነው። ሰደፉ ሰደፍ መሆኑን፣ አፈ ሙዙ አፈ ሙዝ መሆኑን ካላሳየ ወንበሩ ትርጕም የለውም። ቤተ መዘክሩም የጠመንጃዎቹን ምንጭ በጥንቃቄ መርምሮ መዝግቧል። ለጠመንጃ የተደረገው ይህ ምርመራ ለአንድ የዋንዛ እግር ይደረግ ቢባል የሚሥቅ አይጠፋም፤ ነገር ግን ጥያቄው አንድ ነው።

በአገር ውስጥ አቶ ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚገዙትን የተጣለ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ፣ ሽቦና አዝራር እየሰፉና እየጐነጐኑ ትልልቅ ሥዕል መሰል ሥራዎችን ያወጣሉ፤ በ2011 ዓ. ም. በተከፈተው የዞማ ቤተ መዘክርም ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። ዝናቸው የተገባ ነው። ከዝናው ጋር ግን አንድ ነገር ተያይዞ ሊታሰብ ይገባል። የተፈታው ሽቦ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል የሠሪው ስም ይጻፍበታል፤ የተፈታው ወንበር እንደገና ወንበር ሲሆን ግን ስም የለውም። የመጀመሪያው ከአገልግሎት ስለ ወጣ ከፍ አለ፤ ሁለተኛው ወደ አገልግሎት ስለ ተመለሰ ዝቅ አለ። ጠገነ የሚለው ግሥ የሚያስተምረው የዚህን ተቃራኒ ነበር።

ይህ ሁሉ ክርክር ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ዛሬ በየቤቱ የሚገባው ዕቃ በአብዛኛው ከቺፑድ የተሠራ ነው። ቺፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጣብቆ የተጨመቀ ስለ ሆነ ጭረት የለውም፤ መሮ አይፈለፍለውም፣ ሽብልቅ አይይዝም። ቡሎኑ አንድ ጊዜ ከተነቀለ ቀዳዳው ይላላል፤ ሁለተኛ ጊዜ አይጨብጥም። ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ካበጠም አይመለስም። አንድ ትውልድ የተጠቀመበት የዋንዛ ጠረጴዛ ተፈትቶ ለሦስት በርጩማ እግር ሲሆን፣ የቺፑዱ ጠረጴዛ በተሰበረበት ቀን ከማገዶ በቀር አይሆንም፤ በሙጫው ጢስ ምክንያት ለማገዶም አይመሰገን። በሌላ ወገን ከ2016 ዓ. ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ፒያሳን ጨምሮ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱ በርና መስኮቱ፣ ሳንቃና ወራጁ በብዛት ወደ ገበያ ወጥቷል። ለጠጋኙ ይህ የጥጋብ ዘመን ነው፤ ነገር ግን ዳግመኛ የማይመጣ ጥጋብ ነው። እነዚያ ሳንቃዎች ካለቁ በኋላ የሚፈታው ዕቃ ሁሉ ቺፑድ ይሆናል፤ በሙያው ውስጥ የተከማቸው ዕውቀትም የሚሠራበት አካል ያጣል።

ስለዚህ የዕቃ መዝገብ የሚያዘጋጅ ተማሪ በእንጦጦ ግርጌ ቢሰማራ ፍጹም የሆነውን በርጩማ ሳይሆን የተጠገነውን ቢፈልግ ይመከራል። ባለቤቱን ስለ ዕቃው ስም ብቻ ሳይሆን ስለ ስብራቱ ቢጠይቅ፣ ጠጋኙን ቢያገኝና ክፍሉን ከየት እንዳመጣው፣ ስንት ጊዜ ፈልጎ እንዳጣ፣ ስለ ምን ይህን መርጦ ያን እንደ ተወ ቢያስነግረው፣ መዝገቡ እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፤ በርጩማ፤ መቀመጫውና ሁለቱ እግሮች ከአንድ የዋንዛ ግንድ፤ ሦስተኛው እግር ከጠረጴዛ እግር የተቈረጠ ጽድ፣ በሽብልቅ የገባ፣ የሚፈታ፤ በመቀመጫው ስንጥቅ ላይ አራት የሽቦ ስፌት፣ ከእግሩ ጥገና በፊት የተደረገ፣ የሌላ እጅ፤ ተቀማጩ በዕለቱ ይቀመጥበት ነበር።